እጅጌውን ማን ሰፋው? በጅማ በትንሽ ገንዘብ አምሮ ስለመልበስ

አሥራ አራት ወር እጅጌ ስሰፋ ኖሬአለሁ። ሙሉ ልብስ አይደለም፤ እጅጌ፣ ያውም ቀኙን ብቻ። ከጅማ ርቆ በሚገኝ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ትከሻውን ትገጥማለች፣ እኔ ቀኝ እጅጌውን፣ ከኋላዬ ያለችው ግራውን። በሰዓት ስንት እንደጨረስን ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ቁጥሩ ካልሞላ ምሳ ሰዓታችን ላይ ይቀነሳል። ደመወዜ ወጥቶ ኪራይና አስቤዛ ሲነሣለት የሚተርፈኝ ብር እኔው እጅጌውን የገጠምኩትን ሸሚዝ አይገዛም ነበር። በዚያን ጊዜ ለግል ፋብሪካ ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስላልነበረ አቤት የምንልበት ቁጥር እንኳ አልነበረንም።

ጅማም በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል፤ የኔ ታሪክ ግን እዚያ የሆነ አይደለም። ይህን የምለው ማንም በሌላው ጥፋት እንዳይጠረጠር ብዬ ነው።

አብራኝ ቤት የተከራየችው ልጅ አንድ ማታ ስለ ራና ፕላዛ ነገረችኝ። ባንግላዴሽ ውስጥ፣ ከዳካ አጠገብ ሳቫር በምትባል ከተማ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው አልቋል። ግድግዳው በዋዜማው ተሰንጥቆ ታይቶ ነበር። ምድር ቤት ያሉት ሱቆችና ባንኩ ሲዘጉ ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ። ከዚያ ማታ ወዲህ ርካሽ ሸሚዝ በእጄ ስይዝ መጀመሪያ የማየው የእጅጌውን ስፌት ነው።

አሁን ጅማ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ደመወዜን የሚያውቁ ባልደረቦቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «ይሄን ከየት ገዛሽው?» ብለው ነው። አልገዛሁትም፤ አሰፋሁት። ወይ አስጠበብኩት፣ ወይ አስገለበጥኩት፣ ወይ ከእናቴ ሣጥን አወጣሁት። እዚህ የምጽፈው ይህን እንዴት እንደማደርገው ነው። ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ብር አልጠራም። ግን ያለፈውን ዓመት ወጪዬን በደብተር ይዤው ነበርና አንድ ነገር በእርግጠኝነት ልንገራችሁ፦ ጨርቁም የእጅ ዋጋውም ተደምሮ ያሰፋሁት ቀሚስ ከቡቲክ ከሚገዛው ብዙም አልረከሰም። የረከሰው በዕድሜው ነው። የቡቲኩ በሦስተኛው እጥበት ዚፑ ሲላቀቅ ያሰፋሁት ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

አዲስ ነገር ከማሰብ በፊት ቁም ሣጥናችሁን አልጋ ላይ ገልብጡት። ሁሌ የምትለብሱትን ለብቻ፣ ቢስተካከል ኖሮ የምትለብሱትን ለብቻ አድርጉ። የቀረውን ለሌላ ሰው ስጡ። ሁለተኛው ክምር ነው ገንዘባችሁ። እኔ መጀመሪያ ስሠራው ከዚያ ክምር አሥራ አንድ ልብስ አገኘሁ፤ ሰባቱ ማስጠበብ፣ ማሳጠር ወይም ቁልፍ መትከል ብቻ ነበር የቀራቸው።

ጨርቅ የምገዛው ሐሙስ ነው። የጅማ ሐሙስ ገበያ፣ የድሮው ሂርማታ፣ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ ከየወረዳው ሰው ይመጣል፣ ጨርቅ ነጋዴውም የጣቃ ቁራጩን አውጥቶ ይደረድራል። ቁራጭ ማለት ጣቃው ሲያልቅ ጫፍ ላይ የሚቀር አንድ ወይም ሁለት ሜትር ነው። ነጋዴው ሊገላገለው ስለሚፈልግ ዋጋው ይወርዳል። ወርዱ ሜትር ከሃምሳ ከሆነ ለኔ ቁመት ጉርድ ቀሚስ ሜትር ተኩል፣ ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ሁለት ሜትር ይበቃዋል። ስለዚህ ቁራጭ ለአንድ ሰው ልብስ ነው፤ ለድግስ ወጥ ልብስ የሚያሰፉ እንጂ እኛ ምን ጎደለብን?

ነጋዴው «ንጹሕ ጥጥ ነው» ቢል አልከራከርም፣ እፈትሸዋለሁ። ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ክር እመዝና ውጭ ወጥቼ በክብሪት አነደዋለሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የወረቀት ነው፣ አመዱ በጣት ሲነኩት ይበናል። ፖሊስተር ግን ወደ ኋላ ይሸሽና ይቀልጣል፣ የላስቲክ ሽታ ይሸታል፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ጠንካራ ፍሬ ይቋጥራል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ አመድም ፍሬም ይኖራል። ቅልቅል መጥፎ ነው አልልም፤ ለሥራ ሱሪ ቅልቅሉ ሳይጨማደድ ይውላል። መጥፎው በጥጥ ዋጋ ፖሊስተር መግዛት ነው። ቀጥሎ ጨርቁን በጡጫዬ ጨምቄ እስከ አሥር ቆጥሬ እለቀዋለሁ፤ ጥጥ ይጨማደዳል፣ ፖሊስተር ምንም እንዳልሆነ ይዘረጋል። መጨረሻ ላይ ነጭ መሐረቤን በውኃ አርሼ ጨርቁን አሸዋለሁ። መሐረቡ ቀለም ከያዘ በጅማ ዝናብ አንገቴና ሻርፔም ያንኑ ቀለም ይይዛሉ ማለት ነው።

ስለ አቡጀዲ ደግሞ ለብቻው ልናገር። ሰው የመጋረጃና የፍራሽ ጨርቅ እያለ ይንቀዋል፤ እኔ ግን በጣም ነው የምወደው። ርካሽ ነው፣ ጥጥ ነው፣ በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል፣ መልኩም ያልተቆላ ቡና ወደሚመስል ነጣ ያለ ቢጫ ያዘነብላል። ሲገዛ ስታርች ስላለበት ካርቶን ይመስላል። አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ይደር፣ በማግስቱ በሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ነው ሰፊው ጋ የሚሄደው። ሳይታጠብ ከተቆረጠ በመጀመሪያው እጥበት እጅጌው ወደ ክርን ይወጣል። ይህ ለጥጥ ጨርቅ ሁሉ ይሠራል።

ወደ ሰፊው እንሂድ፤ ከዚህ ሁሉ ዋናው እሱ ነውና።

ሰፊ ስትመርጡ የተሰቀለውን ልብስ ከፊት አትዩት፣ ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። ጠርዙ በኦቨርሎክ ወይም በእጅ ተዘምዝሟል? በብብት በኩል ስፌቱ ድርብ ነው? ቅምቅማቱ ስንት ጣት ነው? ሁለት ጣት ያህል ጨርቅ ውስጥ የሚተው ሰፊ ነገ ብትወፍሩ ማስፋት እንደምትችሉ ያሰበ ሰው ነው። ሁሉን ቆርጦ የሚጥል ደግሞ ልብሱ ዛሬ ከእጁ መውጣቱን ብቻ የሚያስብ ነው። የቁልፍ ማስገቢያውንም እዩ። ክሩ ጥቅጥቅ ብሎ ካልተሰፋ በሁለት ወር ይተረተራል።

እኔ የማሰፋባቸው ጋሼ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አርባ ዓመት የሚጠጋ የሠሩ ናቸው። መኪናቸው በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ነው፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ ሥራ አይቆምም። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የአባቴን ኮት ይዤ ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ ሣጥን ውስጥ የከረመ ግራጫ የሱፍ ኮት ነው። ፊቱ በፀሐይ ነጥቷል፣ ክርኑ አልቋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ይድናል?»

አልመለሱልኝም። ገበሩን በምላጭ ተርትረው የጨርቁን የውስጥ ፊት ወደ ብርሃን አዞሩት። ግራጫው እንደ ተሸመነ ዕለት ነበር።

«ፊቱ ነው እንጂ ያረጀ፣ ጀርባው አላረጀም። እገለብጠዋለሁ ልጄ» አሉ።

ኮት ማስገልበጥ የዛሬ ልጆች የማያውቁት የድሮ ሙያ ነው። ልብሱ እያንዳንዱ ስፌቱ ተፈትቶ፣ ጨርቁ በውስጥ ፊቱ ወደ ውጭ ዞሮ እንደገና ይሰፋል። ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ስለሚሆን የደረት ኪሱ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ቁልፉም በሌላ ወገን ይቆለፋል። እዚህ ላይ ነው ጋሼ ቀና ብለው ያዩኝ። «የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ነው የሚደረበው። ሲገለበጥ ቀኙ በግራው ላይ ይሆናል፣ የሴት ኮት ሆነ ማለት ነው። ለአንቺ ነው የተሠራው» አሉኝ። ትከሻውን አጠበቡ፣ ያለቀውን ክርን ከቅምቅማቱ በወጣ ቁራጭ ጣፉት። ዛሬ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ የሚጠይቀኝ ስለዚያ ኮት ነው።

ሰፊ ጋ ስትሄዱ ሥዕል ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ስልክ ላይ ያለችው ልጅ አካል የእናንተ አይደለም። በልካችሁ የሆነ አንድ አሮጌ ልብስ ውሰዱ፣ በእሱ ልክ ይቁረጥ። መጀመሪያ ቀለል ያለ ነገር አሰፉ፣ ጉርድ ወይም ሱሪ ማሳጠር፤ ከእጁ ጋር ከተዋወቃችሁ በኋላ ነው ኮትና ቀሚስ። የተረፈውን ቁርጥራጭ ጠይቁ፣ የእናንተ ነው፤ መጣፊያና ቁልፍ መሸፈኛ ይሆናል። ለበዓል ከሆነ ቀደም በሉ። ለመስከረም የሚሆነውን በሐምሌ ስጡ፣ ለኢድም እንዲሁ ወር ሲቀረው። በዋዜማው «ዛሬ ካላደረስክልኝ» የሚል ደንበኛ ነው ሰፊውንም ረዳቶቹንም እስከ ሌሊት የሚያስቀምጠው። ፋብሪካ ውስጥ እኛን ሌሊት ያስቀመጠን የሩቅ ሰው ትእዛዝ ነበር፤ እዚህ ግን ትእዛዙን የምንሰጠው እኛው ነን።

እጅ ዋጋ ላይ አትከራከሩ። ጨርቅ ነጋዴ ጋ የፈለጋችሁትን ያህል ተከራከሩ፤ ነጋዴው ከሌላው ደንበኛ ያካክሰዋል። ሰፊው ግን የሚሸጠው ጊዜውን ነው። ቀብዱን ስጡ፣ ቀሪውን ልብሱን ስትወስዱ ክፈሉ፤ «በሚቀጥለው ሳምንት» አትበሉ።

ባለፈው ዓመት ጋሼ ለኔ በቆረጡት የአቡጀዲ ሸሚዝ ላይ እጅጌውን እኔ እንድገጥም ፈቀዱልኝ። ቀኙን በአምስት ደቂቃ ገጠምኩት፣ እጄ ያውቀዋል። ግራው ላይ ግን ተሳሳትኩ፤ ሁለት ጊዜ ፈታሁት። አሥራ አራት ወር ሙሉ ግራ እጅጌ ሰፍቼ አላውቅማ!

በእጅ የተሠራ ሁሉ ንጹሕ ነው ብላችሁ እንዳታምኑ። ይህን በሽመና ላይ ነው የተማርኩት። ሽመና የምናከብረው ሙያ ነው። ሴቷ ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት ትፈትላለች፤ ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን ይወረውራል። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። በዚያው ልክ ግን ከገጠር «እናስተምረዋለን» ተብለው መጥተው ቀኑን ሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ እግራቸውን አውርደው የሚሸምኑ ሕፃናት እንዳሉ የታወቀ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። አዋጁ ግን ሰው ግቢ ገብቶ አይቆጥርም፤ የሚያየው ደንበኛው ነው።

ስለዚህ ሱቅ ሳይሆን ሸማኔው ቤት ድረስ እሄዳለሁ። አንዱ ጋ ማጠንጠኛው ዘንድ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ አየሁና «ትምህርት ቤት አይሄድም እንዴ?» ስል ሰውየው ተቆጡ፤ ሰላም ብዬ ወጣሁ። ሌላኛው ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔ ናቸው። እሳቸው ጋም ልጅ ነበር። ስጠይቃቸው «ፈረቃው ከሰዓት ነው፣ የእኔው ልጅ ነው» አሉኝ። ሰበብ ፈጥሬ ከሰዓት ተመለስኩ። ልጁ ሥራ ላይ አልነበረም፤ ደብተር ይዞ ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን። ከዚያ ወዲህ ጋቢም ነጠላም ከእሳቸው ነው። በመሀል ነጋዴ ስለሌለ ለእሳቸው ከሱቁ የበለጠ ይደርሳቸዋል፣ እኔም ከሱቁ ባነሰ እወስዳለሁ። ፈትሉን የምትፈትልላቸውን እናትም አስተዋውቀውኛል።

የሸማ መልክ ያለው የታተመ ጨርቅ ገበያውን ሞልቶታል። ለመለየት ጥለቱን ገልብጡት። የታተመ ከሆነ ጀርባው የደበዘዘ ነው፤ የተሸመነ ከሆነ ቀለሙ ክሩ ውስጥ ስላለ ከኋላም ይታያል፣ ክሩ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ሲሻገር በጣት ይዳሰሳል። የታተመውን መልበስ ወንጀል አይደለም። ግን ሸማ ብሎ በሸማ ዋጋ የሚሸጠው ሸማኔውን ይሰርቃል።

አዲስ ሀገር ልብስ ለመግዛት ካልቻላችሁ ያረጀ ነጠላ ፈልጉ። መሀሉ ሲነትብ ጥለቱ ገና ጤነኛ ነው። እኔ ከእናቴ የተቀደደ ነጠላ ላይ ጥለቱን አስቆርጬ በአቡጀዲ ሸሚዝ ኮሌታና በእጅጌው ጫፍ ላይ አስለጠፍኩት። ሙሉ ቀሚስ ሙሉ ጥለት ከመሆን ይልቅ እንዲህ በአንድ ቦታ ብቻ ሲሆን ዓይን ያርፍበታል። ከጂንስ ጋር ለብሼው ቢሮም ሠርግም ሄጃለሁ።

ስለ ሳልባጅ ትጠይቁኛላችሁ። ቦንዳ ሲፈታ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነበርኩ፤ ጥሩ ልብስ አግኝቻለሁ። ነገር ግን ልባሽ ጨርቅ በንግድ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ የሚመጣው በኮንትሮባንድ ነው። ደግሞ እዚህ ካለው ሰፊና ሸማኔ እጅ ሥራ ይነጥቃል። ስለዚህ ትቼዋለሁ። ገቢ የሌለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቢገዛ አልፈርድበትም፤ ቢያንስ ዚፑንና ብብቱን አይቶ ይግዛ፣ ሳያጥብም አይልበስ። እኔ በምትኩ ከጓደኞቼ ጋር እለዋወጣለሁ። በዓመት ሁለቴ፣ አንዳችን ቤት ቡና ይፈላል፣ ሁሉም የማይለብሰውን ይዞ ይመጣል። ጎረቤቴ የሰጠችኝ ጥቁር ሰማያዊ ጉርድ ሦስተኛ ሰው ላይ ነው። እኔ ደግሞ ፖሊስተር ጅልባቧ በሙቀት ስታማርራት ስስ ጥጥ አብረን መርጠን ጋሼ ጋ አሰፋንላት፤ አሁን ሁለተኛውን ልታሰፋ ነው።

ማማር ላይ ብዙ ምክር የለኝም፤ አንድ ነገር ግን ሁሉን ያቀልላል። ሦስት ቀለም ምረጡና ከዚያ አትውጡ። የኔ ቡናማ፣ ጥቁር ሰማያዊና የአቡጀዲ መልክ ናቸው፤ ያለኝ ላይኛው ልብስ ሁሉ ካለኝ ታችኛው ሁሉ ጋር ይሄዳል። አራት ላይና ሦስት ታች አሥራ ሁለት አለባበስ ነው። ጅማ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናቡ ብዙም አይለየንም፤ ስለዚህ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ አታሰፉ፣ ጭቃው ቅምቅማቱን ይበላዋል። ከቁርጭምጭሚት አራት ጣት ከፍ ይበል። ባጃጅ ስትገቡም አይረገጥም።

እርጥበቱ ሣጥን ውስጥም ይገባል። ደመና ሲገልጥ ልብሱን ወደ ውጭ አውጡት፣ ሱፉን በተለይ፤ ሻጋታ የጀመረው ኮት ሽታው ቶሎ አይለቅም። ሸማ አይጠመዘዝም፤ ተጨምቆ በጥላ ይሰጣል። ነጩን የምናጥበው በእንዶድ ነው፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውኃ ውስጥ ሲመታ አረፋ ያወጣል፣ ነጩን ነጭ እንደሆነ ያቆየዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት፣ በሽታውን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ለቢልሃርዝያ መከላከያ እንደሚሆን የደረሱበት። ቀንድ አውጣውን የገደለ ውኃ ዓሣም ይገድላል፤ እጣቢውን ወደ አዌቱ ወንዝ ሳይሆን ጓሮ አፈር ላይ ድፉት።